አምስት ባለአበባ ብርጭቆ

ሙዐዝ አልዋሸም። ቢያንስ ሳምንቱን ሙሉ ለራሱ ሲነግረው የሰነበተው ይህንን ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘሐራ «ልጅቷን የት አገኘሃት?» ብለው ሲጠይቁት «ኹበር፣ ሆስፒታል» አለ፤ እውነት ነው። «እዚያው ነው የምትሠራው?» ሲሉት ደግሞ ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እናትየው ራሳቸው ጨረሱት። በሐሳባቸው ነጭ ጋዋን አለበሷት፤ አንገቷ ላይም የልብ ማዳመጫ አንጠለጠሉላት። ያን ቀን ማታ ለባለቤታቸው እህት ለሱዓድ ደውለው «ነርስ ናት፣ ማሻአላህ» ሲሉ ሙዐዝ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሰምቶም ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሬሀና ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ሳውዲ መጥታ ኹበር ከተማ ውስጥ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት የማዳሟ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ አርባ ቀን ሆስፒታል የተኙት አሮጊቷ ነበሩ፤ አርባ ቀን ወንበር ላይ ያደረችው ግን ሬሀና ነበረች። ሙዐዝ የሚሠራው እዚያው የሕሙማን ፋይል ክፍል ውስጥ ነው። ደማም ተወልዶ ደማም ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የተማረው አብዛኛውን ከእናቱ ቁጣ ነው።

ፍቅራቸው የተጀመረው በምግብ ወረቀት ነው ቢባል ማን ያምናል። ሆስፒታሉ በየምሽቱ ለበሽተኛ የነገ ምግብ የሚመረጥበት ወረቀት ያድላል፤ ወረቀቱም ተሞልቶ ወደ ኩሽና የሚወርደው በሙዐዝ መስኮት በኩል ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱን ሲገለብጠው ጀርባው ላይ በአማርኛ «ዛሬ ፊትህ ጠቁሯል፣ አለቃህ ተቆጣህ እንዴ?» የሚል አገኘ። በማግሥቱ «አንተ ሐበሻ መሆንህን ያወቅሁት ስትስቅ ነው» የሚል መጣ። ሙዐዝም መልሱን በቀጣዩ ባዶ ወረቀት ጀርባ እየጻፈ ይልክላት ጀመር። ከዚያ በኋላ የዚያችን አሮጊት ሾርባና ሩዝ የሚጠብቀውን ያህል የገዛ ምሳውን ጠብቆ አያውቅም። ኩሽና ያሉት ሰዎች የማይነበብ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት እያዩ ምን ያስቡ እንደነበር አላህ ይወቀው።

አሁን ነገሩ ሁሉ የቀረው አንድ እርምጃ ነው። አባቱ ሐጂ ሹዐይብ ሐይቅ ላሉት ዘመዶቻቸው ደውለው ወደ ልጅቷ አባት ሽማግሌ ሊያስልኩ ተስማምተዋል። ወይዘሮ ዘሐራ ግን «መጀመሪያ በዓይኔ ልያት» አሉ፤ እሳቸው ካላዩና ካልመረቁ ደግሞ ከዚያ ቤት ስልክ አይደወልም። ስለዚህ ሬሀና ለጁሙዓ ምሳ ተጠራች።

ሙዐዝና እህቱ ኸውላ ሊወስዷት ከደማም ወደ ኹበር ወረዱ። ሙዐዝ ሬሀናን የቀጠራት በምትሠራበት ቪላ በር ላይ አልነበረም፤ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት ጥግ ነበር። ኸውላ ቪላውን ካየች ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች መመለስ ሊኖርበት ነው። ሬሀና ግን ጥጉን የመረጠው ስሟን ሊጠብቅላት መሰላት። መኪናው ውስጥ ገብታ ከኸውላ ጎን ስትቀመጥ በመስታወቱ በኩል ዓይኑን ፈልጋ «እንዲህ ያለ ጨዋ አላየሁም» በሚል ዓይነት አየችው። ሙዐዝ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ጆሮው ድረስ ሲግለው ተሰማው፤ ማቀዝቀዣውንም ከፍ አደረገው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ዘሐራ ቡፌውን ከፍተው ነበር። ይህ ቡፌ በዓመት አንዴ ቢከፈት ነው። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎችና ሳህኖች ወይዘሮ ዘሐራ ሙዐዝን ባረገዙበት ዓመት ከደማም ገበያ የገዟቸው ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ ብርቱካናማና ቡናማ አበባ የታተመባቸው፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ፣ ዛሬ ፈልጎም የማይገኝ ዕቃ ነው። ልጆቹ እነሱን ነክተው ያልተቆጡበት ቀን የለም። ለነርሷ ምራት ግን ምን ይሰሰታል፤ ወይዘሮ ዘሐራ ሁሉንም አውጥተው ኩሽና መደርደሪያ ላይ አሰለፏቸው።

ሬሀና አባያዋን እንደሰቀለች «እትዬ ዘሐራ፣ ጠረጴዛውን እኔ ላሰናዳው» አለች። እንግዳ አይሠራም፣ ይሠራል፣ ወላሂ አይሆንም፣ ወላሂ ይሆናል ተባባሉና ሬሀና አሸነፈች። ሙዐዝ ከሳሎን ሆኖ ያያታል። ብርጭቆዎቹን ለብ ባለ ውኃ አለቀለቀቻቸው፤ ወርቁ እንዳይለቅ በስፖንጁ ሻካራ ጎን አልነካቻቸውም። የጣት አሻራ እንዳይቀር በአንድ ጨርቅ ይዛ በሌላ ጨርቅ ወለወለቻቸው፤ እያንዳንዱንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥም ጠርዙን ሳትነካ ከታች ይዛ ነው፤ አበባው ወደሚቀመጠው ሰው እንዲዞር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሽር ታደርገዋለች። ሶፍቱን አጣጥፋ ማራገቢያ አስመሰለችው። ሳህን ከሳህን፣ ማንኪያ ከማንኪያ ያለው ርቀት በማስመሪያ የተለካ ይመስል ነበር።

«የነርስ እጅ ነው፤ ንጽሕናው» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሱዓድ። ወይዘሮ ሱዓድ ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙዐዝ ዓይኑን ከጠረጴዛው አነሳ። ያንን አደራደር፣ ያንን አወላወል የት እንደተማረችው እሱ ያውቃል። ቤቱ ውስጥ የማያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ያላሳወቃቸው ደግሞ እሱ ነው።

ሬሀና ጨርሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ጠረጴዛውን አየችው። ወይዘሮ ዘሐራም መጥተው አጠገቧ ቆሙ። አመሰገኑ፣ መረቁ፤ ከዚያ ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ ቆጠሩ።

«አንድ ጎደለ፣ ልጄ።»

ሬሀና እሷም ቆጠረች። ሐጂ ሹዐይብ፣ ወይዘሮ ዘሐራ፣ ወይዘሮ ሱዓድ፣ ሙዐዝ፣ ኸውላ። አምስት ሰው፣ አምስት ሳህን፣ አምስት ብርጭቆ። «ልክ ነው፣ አምስት ናችሁ» አለች።

«አንቺስ?»

ሬሀና መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ በራሷ ሳቀች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ሳሰናዳ ራሴን ቆጥሬ አላውቅም።»

«የምን ጠረጴዛ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሱዓድ ከሶፋው።

«ማዳም ቤት ነዋ። የምሠራበት ቤት።» ሬሀና ይህን ያለችው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። የሚደበቅ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም።

«ነርስ ናት አላላችሁም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሱዓድ።

እዚህ ላይ ነው ዓይን ሁሉ ወደ ሙዐዝ የዞረው። የእናቱ፣ የአክስቱ፣ መጽሔት ሲያገላብጡ የነበሩት የአባቱ፣ የኸውላ። የሬሀናም። ሙዐዝ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ያውም እሱ ራሱ የማያውቀው ቀጭን ሳቅ።

«ቀልዷን ነው» አለ። «እንዲህ ናት፣ ሰው ማሳቅ ትወዳለች።»

ሬሀና አየችው። ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ መስታወቱ ውስጥ የሸሸው ዓይኑ፣ የአሁኑ ሳቁ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ተሰብስቦ ሲገባት ሙዐዝ ከፊቷ ላይ አነበበው። እንድትጮህበት ተመኘ። እሷ ግን ጨርቁን አጣጠፈችና «አዎ፣ ቀልዴን ነው» አለች። ሄዳም ስድስተኛውን ብርጭቆ አምጥታ ከጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችው። የዚህኛውን አበባ ግን አላዞረችውም።

ምሳው ቀረበ። ሩዙም ዶሮውም ጥሩ ነበር ይባላል፤ ሙዐዝ ግን አፈር ቢያቀርቡለትም አይለየውም ነበር። ሬሀና አንገቷን ደፍታ በትንሽ በትንሹ ትበላለች። ሲጠይቋት በጨዋነት ትመልሳለች። ውሸቱን የወለደው እሱ፣ ያዘለችው እሷ ሆነች። ሙዐዝ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ በዓይኑ ይቅርታ ሊለምናት ሞከረ፤ አንዴም ቀና አላለችለትም። ቅድም ሐቁን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ነበር የሚያፍረው። አሁን በየጉርሻው እያፈረ ነው።

ሰው ከበላ በኋላ ሕመሙ ትዝ ይለዋል። ወይዘሮ ሱዓድ ቦርሳቸውን ከፈቱና ሁለት የመድኃኒት ካርቶን አውጥተው ከሬሀና ሳህን ጎን ደረደሩ። የልብ ሕመም አለባቸው። ይቺኛይቱ ደም የምታቀጥነው የድሮዋ ናት፤ ያቺኛይቱ ደግሞ ባለፈው ሰኞ ሌላ ሐኪም የሰጣቸው አዲሷ ናት። አብረው ይዋጣሉ ወይስ አንዷ ትቀራለች? ክሊኒኩ ወረፋው ብዙ ነው፤ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ሳለ ማን ወረፋ ይጠብቃል።

«ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ እትዬ» አለች ሬሀና።

«አንቺ እኮ አለሽ። ንገሪኝ ዝም ብለሽ» አሉና ሁለቱንም ክኒን መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ባለአበባውን ብርጭቆ በሌላው እጃቸው አነሱ። «ምንም አይሉም አይደል?»

ሬሀና እጇን ዘርግታ የወይዘሮ ሱዓድን የእጅ አንጓ ያዘች።

«አይዋጡ» አለች። «እኔ ነርስ አይደለሁም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቅድም ቀልዴን ነው ያልኩት ልጃችሁን ላለማሳፈር ብዬ ነው። በመድኃኒት ግን መቀለድ አልችልም፣ እትዬ ሱዓድ። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ አላህ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። አሁኑኑ ክሊኒክ ይደውሉ።»

ወይዘሮ ሱዓድ ክኒኖቹን ሳህናቸው ላይ መልሰው ስልካቸውን አነሱ፤ ወደ ጓዳ ገብተው በዐረብኛ ሲያወሩ ቆይተው ሲመለሱ አዲሷን ካርቶን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ምን እንደተባሉ ለማንም አልተናገሩም። ደግመው ግን አልጠየቁም።

ወይዘሮ ዘሐራ ልጃቸውን ነው የሚያዩት። «ሙዐዝ፣ ምን ብለህ ነበር የነገርከኝ?»

«ሆስፒታል አገኘኋት ነው ያልኩት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

ሙዐዝ ሻይ ፉት እንዳይል ሻይ የለም። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አበቦች አየ፣ አባቱን አየ፤ ሐጂ ሹዐይብም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይጠብቁታል። «አልነገርኳችሁም» አለ። «ነርስ ናት ስትሉ ዝም ያልኩት አውቄ ነው። አፍሬ ነው።»

«በምንድን ነው ያፈርከው?» አሉ አባቱ። እንግዳዋ ከመጣች ጀምሮ የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱን ግን ሬሀና አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለች ነው የሚሰጠው። «በሥራዋ» አለ። ከዚያም ግማሽ እውነት የለመደ አፉ እንዳያመልጥበት ፈርቶ ጨረሰው። «በእሷ። በእሷ ነው ያፈርኩት።»

አሁን እውነቱን ተናገረ፤ ሊመሰገን ነው ብላችሁ ከሆነ የሬሀናን ፊት አላያችሁም። ውሸቱን ችላው ነበር። እሱን ለመደገፍ ብላ ተሸክማው ነበር። ይህንን ግን በጆሮዋ ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ፤ ዓይኗም ሞላ፤ እንዳይወርድም ራሷን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገች። ከዚያ ተነስታ በልማዷ የወይዘሮ ዘሐራን ሳህን ልታነሳ እጇን ሰደደች። መንገድ ላይ ትዝ አላትና እጇን መለሰችው። ሙዐዝን ከሁሉ ነገር ይልቅ የሰበረው ያ የተመለሰ እጅ ነው።

«እትዬ ዘሐራ፣ ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ። ልሂድ።»

ወይዘሮ ዘሐራ «ተቀመጪ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ልመናም ትእዛዝም መሆን አቃተው። ሬሀና አባያዋን ለበሰች፤ ሻርፗን አስተካከለች። ሙዐዝ ተከትሏት በሩ ድረስ ሄደ። ኸውላ ቀድማ ወጥታ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ላይ ወሰደችው። «እኔ ነኝ የማደርሳት» አለችው። ታላቅ ወንድሟን እንዲህ አድርጋ ተናግራው አታውቅም።

ሬሀና ደረጃው ላይ ዞረች።

«ሙዐዝ፣ እኔ በሥራዬ አላፍርም። ወንድሞቼ የተማሩት በዚህ እጅ ነው። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን አልቆጠርኩም፤ አንተ ትቆጥረኛለህ ብዬ ነበር።» «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አሁን ግን አትመልስልኝ። ሳታፍርብኝ ያየኸኝ አንድ ቀን አለ? አስበውና ካገኘኸው ደውልልኝ። ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

የጫማዋ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ሙዐዝ በሩን ይዞ ቆመ። እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ሳሎን ሲመለስ እናቱ ብቻቸውን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። እንደሚሰድቡት ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን አንዱን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔን ፈርተህ ነው?» አሉት።

«አዎ፣ እማ።»

ወይዘሮ ዘሐራ ለመቆጣት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ተዉት። በዒድ ሰላት ላይ ከኹበር በሚኒባስ የሚመጡትን፣ ሰው ቤት የሚሠሩትን ልጆች ባዩ ቁጥር የኸውላን እጅ ይዘው ወደ ሌላኛው ጥግ ወስደው ሲያሰግዷት ሙዐዝ በልጅነቱ አብሯቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ነግረውት አያውቁም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም ነበር። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እኔም አፍሬያለሁ። አባትህ እንኳ ሱዓድን ይዞ ሲወጣ ፊቴን አላየኝም።» ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ሙዐዝ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ያንን ቀን መፈለግ ጀመረ። ብዙ የሚኖር መስሎት ነበር።

ሆስፒታሉን አስታወሰ። አርባ ቀን ሙሉ ያወሩት የሥራ ባልደረቦቹ ለሰላት ሲወጡ ነው። የሚመጣበትን ሰዓት ይመርጥ እንደነበር ያን ጊዜ አላስተዋለውም። ኮርኒሹን፣ የባሕሩን ዳር መንገድ፣ አስታወሰ፤ አብረው የሄዱበት ዕለት አሥር እርምጃ ቀድሟት ነበር። ለእሷ «የሰው ዓይን ደግ አይደለም» ብሏት ነበር። ጓደኛው ሀምዳን ገበያ መሀል አግኝቷቸው «ማን ናት?» ሲለው «የአገር ልጅ ናት፣ መንገድ ጠፍቷት ነው» አለው፤ እሷም አጠገቡ ቆማ ሰማችው፣ ሳቀችም። የዒዱን ቀን አስታወሰ። ሐምራዊ ሻርፕ አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ከሩቅ ስትፈልገው አይቷት ነበር፤ ጓደኞቹ አብረውት ስለነበሩ ስልኩን እንደሚያነብ ሆነ። ለየቀኑ ያዘጋጀው ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም ሁሉ ጨዋነት ብሎ ጠርቶት ነበር። ያኔ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጣቸውን ደብዳቤዎቿን በስልኩ ከፍቶ አንድ በአንድ አነበበ። እሷ በእያንዳንዱ ላይ ሳትደበቅ አለች። እሱ የመለሰላት መልስ ላይ ግን አንድም ቦታ ስሟን አልጻፈም፤ ወረቀቱ ሰው እጅ ቢገባ ብሎ።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጠረጴዛው እንደነበረ ነው። ሰገደ። ሰላት ላይ እንኳ አንዱን ቀን አስውቦ ሊያቀርብላት ሲያስብ ራሱን ያዘው። ኮርኒሹን ቢያነሳ ታምነው ነበር። አንድ ጊዜ ዞሮ ፈገግ ብሎላታል፤ ያን ትንሽ ቢያሳምረው እሷ የጠየቀችው ቀን ይሆንለት ነበር። ሰላቱን ጨርሶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ደወለላት።

ሬሀና አነሳችው። ከኋላዋ ሳህን ከሳህን ሲነካካ ይሰማል፤ ማዳም ቤት የእራት ሰዓት ደርሷል።

«አላገኘሁም» አለ ሙዐዝ። «አንድም ቀን የለም፣ ሬሀና። ሁሉንም ፈለግኩት።»

ሳህኑ ጸጥ አለ።

«ታገኛለህ ብዬ ነበር የፈራሁት» አለች። «አንዱን አሳምረህ ታመጣልኛለህ ብዬ።»

«ላመጣልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ሊላት ከፈለገው ሁሉ ያነሰ ሆኖበት ከአፉ መለሰው። አሁን ትዘጋዋለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትዘጋውም ትክክል ናት ብሎ አሰበ። የሚያየው ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ከኹበር የሚመጣውን ትንፋሿን እየሰማ ተቀመጠ። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም።